ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧን ስለ መጠገን



«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓባይ በሰከላ ምድር ከግሽ ተራራ ሥር ከምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ ይነሣል፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ይወርድና ጣና ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ያ ሁላችን የምናውቀው ታላቅ ወንዝ ይሆናል። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ግሽ ዓባይ የሚባል ሰፈር አለ። እንግዲህ በላይኛውም ሆነ በታችኛው ግሽ ዓባይ የሚኖር ሰው በውኃ አገር የሚኖር ነው። ነገር ግን በውኃ አገር መኖር አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ውኃ ከቤት ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ትልቁ ወንዝ አይደለም። በግቢያችሁ ስለ ቆመው ቧንቧና ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ ስለሚለው ውኃ ነው።

አንድ ቀን በሰከላው ግሽ ዓባይ ለቤት ጉብኝት ወጥተን አራት ቤተ ሰብ በኪራይ ከሚኖርበት ግቢ ገባን። ግቢው ተጠርጓል፤ ዕቃውም ታጥቦ በፀሐይ ተሰጥቷል። በበሩ አጠገብ ያለው ቧንቧ ግን አንገቱ በጨርቅ፣ አፉ በፌስታል ታስሮ፣ እንደ ቆሰለ ጣት ተጠቅልሎ ቆሟል። ውኃው በጨርቁ ሥር ይንጠባጠባል። ከቧንቧው ሥር ያለው መሬት ጭቃ ሆኖ፣ የበግ ኮቴና የልጆች እግር ታትሞበታል። በአንደኛው ደጃፍ አንዲት የሦስት ዓመት ያህል ልጅ ተቀምጣለች፤ ዝንቡ ከዐይኗ ላይ አይነሣም።

«እናታችን፤ ይህ ቧንቧ እንዲህ የሚያለቅሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን የግቢውን ታላቅ ሴት ጠየቅናቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ከፋሲካ ወዲህ ነው መሰለኝ። ምን አለበት ብለን ተውነው። ጠብታ እኮ ነው፤ ጅረት አይደል!» አሉን።

«የልጅቱን ፊት ዛሬ አጠባችሁት?»

«ኧረ ውኃው የት ተገኝቶ! አንድ ቀን ይመጣል፤ አንድ ቀን ይጠፋል። ያለችውን ለወጥና ለቡና አደረግናት።»

አንድ ባዶ ጀሪካን አምጡልን አልናቸው። ጨርቁንና ፌስታሉን ፈታን፤ ጀሪካኑን ከቧንቧው አፍ ሥር አስቀመጥንና ማንም ሳይነካው እንዲያድር ለምነን ሄድን። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ብንመለስ ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ሞልቶ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፤ «ወይ ጉድ! ይኸን ሁሉ መሬት ስናጠጣ ነው የኖርነው?» አሉ።

ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። የጠብታ መጠን ከቧንቧ ቧንቧ ይለያያል፤ ሆኖም አራት ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል ብንል፣ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በአንድ ቀንና ሌሊት 86,400 ጊዜ ጠብ ይላል። ይህም ከ21 ሊትር በላይ ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በወር ከ30 ጀሪካን የሚበልጥ ውኃ ያለ አንዳች ጥቅም ጭቃ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እናንተም በግቢያችሁ ጀሪካን አስቀምጣችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

አንዳንድ ሰው «የውኃው ሒሳብ አልጨመረብኝምና ምን ቸገረኝ» ይላል። ይህ አያታልላችሁ። የቤት ውኃ ቆጣሪ እጅግ በዝግታ የሚያልፈውን ውኃ ሳይቆጥር ሊያሳልፈው ይችላል። የዚያን ጊዜ ጠብታው ከናንተ ኪስ ባይወጣም ከከተማው ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ማጠራቀሚያው ቶሎ ሲጎድልም ውኃው ከዳገት ላሉት ጎረቤቶቻችሁ ሳይደርስ ይቀራል። ጠብታው ወደ ክር መሰል ፍሳሽ ባደገ ጊዜ ደግሞ ቆጣሪው መቁጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ለናንተ ይመጣል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ግን የልጅቱ ፊት ነው። ውኃ ያነሰበት ቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው ከምን ላይ ነው? ከወጡ ላይ አይቀንስም፤ ከቡናውም ላይ አይቀንስም። የሚቀንሰው ከእጅ መታጠቢያውና ከልጆች ፊት ላይ ነው። ይህን በብዙ ቤት አይተነዋል፤ እናቶችን ለመውቀስም አንናገረውም፤ በሸክም የመጣ ውኃ እንደዚያ ያደርጋልና። ትራኮማ የሚባለው የዐይን በሽታ በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ከአንዱ ልጅ ዐይን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ እስከ መታወር ያደርሰዋል። የአማራ ክልል በአገራችን ይህ በሽታ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ፊትን በየቀኑ መታጠብ ከመከላከያዎቹ ዋነኛው ነው፤ ለዚህም ጥቂት ውኃ ይበቃል። ከዚያ ከጠፋው አንድ ጀሪካን የአራቱም ቤት ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ይተርፋቸው ነበር።

ከቧንቧው ሥር ስላለው ጭቃ

ቧንቧው ያለበት ቦታ ደጋ ወይም ጣና ዳር እንደ መሆኑ ጉዳቱ ይለያያል።

የሰከላው ግሽ ዓባይ ደጋ ነው፤ ብርዱ የወባ ትንኝን እንደ ቆላው አያራባትም። ባሕር ዳርና የጣና ዳር አገር ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ወባ ከሚገኝበት ከፍታ ውስጥ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ጥልቁን ባሕር አይደለም፤ ፀሐይ የሚመታውን ትንሽ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ ያጎደጎደውን ውኃ ነው። ዕንቁላሏ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሪ ትንኝ ይሆናል። በበጋ ኩሬው ሁሉ ሲደርቅ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ያለው ኮቴ ብቻ አይደርቅም። በጣና ሰሜን በደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተ ሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረው ከዚያ መከራ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ ተገኝታለች፤ እርሷ በበርሜልና በገንዳ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥም ትራባለች። ስለዚህ «ጠብታውን በበርሜል ልቀበለውና ይጠራቀም» የምትሉ እንደሆነ በርሜሉ እጥፍ አድርጎ የሚሸፍነው ክዳን ይኑረው። ይልቁንስ ቧንቧውን መጠገን ይሻላል።

በደጋም ሆነ በቆላ የሚሠራ ሌላ ጉዳት አለ። በእርጥብና በጥላ አፈር ውስጥ ከሰው ዓይነ ምድር የመጣ የመንጠቆ ትል ይኖራል፤ በባዶ እግሩ የሚረግጠውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባና ከአንጀቱ ደም ይመጣል። ልጁ ይገረጣል፤ ይደክመዋል፤ እናት ግን ምክንያቱን ከምግብ ማነስ ታደርገዋለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው። የሚያፈስ የቧንቧ መጋጠሚያ ውኃው በኀይል ሲመጣ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ውኃው ሲቋረጥ ግን ወደ ውስጥ ይስባል። በመሥመሩ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሲወርድ ባዶ የሆነው ቧንቧ እንደ አፍ ይመጣል። መጋጠሚያው ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ጭቃውን፣ የጎማ ቱቦ ጫፉ ልብስ በታጠበበት ሳፋ ውስጥ ተነክሮ እንደሆነም የሳፋውን ውኃ ይስባል። ውኃው ሲመለስ ያንኑ ይዞ ይመጣል፤ እናንተም ትጠጡታላችሁ። ውኃ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ደፍርሶ የምታዩት አንዱም ስለዚህ ነው። ያን ደፍራሽ ውኃ አትጠጡት፤ አትድፉትም፤ ለወለል ማጠቢያ ይሁን። ለመጠጥ የጠራውን ቅዱ፤ ጥርጣሬ ካለባችሁም አፍሉት፣ ወይም «ውኃ አጋር» የሚባለውን መድኃኒት በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ጨምሩበት።

ቧንቧ ለምን ያንጠባጥባል?

አሁን ወደ ቧንቧው እንመለስ። እጀታው እየተዞረ የሚከፈተው ተራ የነሐስ ቧንቧ ሥራው እጅግ ቀላል ነው። እጀታውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት አንድ ጥርስ ያለው ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነች ትንሽ ጎማ አለች። ጎማዋ በቧንቧው ሆድ ውስጥ ባለች ክብ ቀዳዳ ላይ ትቀመጥና ውኃውን ትደፍናለች፤ ያችን ቀዳዳ መቀመጫ እንበላት። የጠርሙስ ቡሽ ጠርሙሱን እንደሚደፍነው ማለት ነው። ጎማዋ ስታረጅ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ መቀመጫውም በላይዋ ላይ ቦይ ይቆፍርባታል። ወይም ደግሞ ከመሥመሩ የመጣ ጠጠር በመካከላቸው ይገባል። ያን ጊዜ ውኃው መንገድ ያገኛል።

ቧንቧው ማንጠባጠብ ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እጀታውን ባለ በሌለ ኀይሉ ይጠመዝዘዋል። አባት ይጠመዝዘዋል፤ ጎረምሳው ደግሞ በብረት ይጠመዝዘዋል። ይህ ለጥቂት ቀን ጠብታውን ያቆመው እንደሆነ ነው እንጂ ጎማዋን ይጨፈልቃታል፤ ነሐሱንም ይጎዳዋል፤ በመጨረሻም በሁለት እጅ የማይዘጋ ቧንቧ ይሆናል። ጨርቅና ፌስታል ማሰርማ ከቶ አይጠቅምም። ውኃው በጨርቁ ውስጥ ተሰውሮ ይፈሳል፤ ጨርቁም አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ የምትጠጡት ውኃ በርሱ ላይ ያልፋል።

ጥገናው

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ንጹሕ ሳህን፣ አዲስ ጎማ። መፍቻ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ እስካየነው ድረስ ወንዱ እርሻ ወይም ገበያ ሲውል ከቧንቧው ጋር የምትውለው እናት ናት፤ ምጣድ አስምታ ምድጃ የምትሠራ ሴት አንዲት ጎማ መለወጥ አያቅታትም። አባትም ቢሠራው፣ ልጅም ቢሠራው እሰየው ነው።

በመጀመሪያ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ውኃውን ዝጉ። ከዚያ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ክፈቱትና በውስጡ የቀረው ውኃ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ በባልዲ ተቀበሉት። መዝጊያ የሌለ እንደሆነ፣ ወይም መዝጊያው ራሱ አልዘጋ ያለ እንደሆነ፣ አትጀምሩት፤ የውኃ ጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ጥሩ። «ዛሬ ውኃ የለምና በዚሁ ልፍታው» ማለት ይመጣል፤ አታድርጉት። ውኃው መቼ እንደሚመለስ አታውቁትም፤ ቧንቧው ተከፍቶ ሳለም ባዶው መሥመር አፈርና ነፍሳት ሊስብ ይችላል። ከቆጣሪው ወዲያ ወደ መንገድ ያለውንም መሥመር መንካት የናንተ ሥራ አይደለም።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳህኑን በአጠገባችሁ አስቀምጡ፤ የምትፈቱት ዕቃ ሁሉ በሳህኑ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አይቀመጥ። በጭቃ የወደቀች ጎማ ተመልሳ ስትገባ የወደቀችበትን ይዛ ትገባለች።

ከእጀታው በታች ስድስት ማዕዘን ያለው ወፍራም የነሐስ አንገት ታያላችሁ። መፍቻውን በርሱ ልክ አጥብቡና ወደ ግራ አዙሩ። እዚህ ላይ አደራ እንላችኋለን፤ በሌላው እጃችሁ የቧንቧውን ሆድ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ወይም ሌላ ሰው በሁለተኛ መፍቻ ይያዝላችሁ። በግቢ የሚቆም ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በአፈር ብቻ የተደገፈ ብረት ነው፤ አንገቱን ሲፈቱት ብረቱ አብሮ የዞረ እንደሆነ ከመሬት በታች ያለው መታጠፊያ ይሰበራል። በአንዲት ጎማ የተጀመረው ሥራ ቁፋሮ ሆኖ ሲያልቅ አይተናል።

አንገቱ ሲፈታ እጀታውና ዘንጉ አብረው ይወጣሉ። ጎማዋ ከጫፉ ላይ ናት፤ አንዳንዴም በውስጥ ትቀራለችና በፒንሳ አውጧት። በትንሽ ብሎን ወይም ዳዶ የተያዘች እንደሆነ በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ ፍቷት። አሁን ተመልከቷት። መካከሏ ተቆፍሮ ይሆናል፤ ወይም እንደ ደረቀ እንጀራ ትሰበራለች። አሮጌዋን አትጣሏት፤ ይዛችኋት ወደ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሂዱና «እንዲህ ያለች ስጡኝ» በሏቸው። የቤት ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች የሚባለው ነው፤ ነገር ግን ከሠሪ ሠሪ በጥቂቱ ይለያያልና በዐይን ከመገመት አስተያይቶ መግዛት ይሻላል። ሱቅ ሩቅ የሆነባችሁ እናንተ በገበያ ቀን ሁለት ሦስት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ጎማ እስኪገኝ ድረስ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ በመቀስ ክብ ቆርጠው የሚያስገቡ ብልኆች አሉ። ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ አንከለክልም። ነገር ግን ካላማዳሪ ለሚጠጣ ውኃ የተሠራ አይደለም፤ ጣዕምና ሽታም ይሰጣል፤ ስስ ስለሆነም ቶሎ ይበሳል። ለዘወትር አይሁን።

አዲሷን ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት በንጹሕ ጨርቅ የቧንቧውን ሆድ ጥረጉ፤ በጣታችሁም መቀመጫውን ዳብሱ። ከንፈሩ እንደ ሲኒ ከንፈር ለስላሳ ሊሆን ይገባል። የተቦረቦረ ወይም የተሸረፈ ሆኖ ከተሰማችሁ ጎማዋን ብትለውጡም ጠብታው አይቆምም፤ መቀመጫውን የቧንቧ ሠራተኛ በመሣሪያ ያስተካክለዋል፤ ካልሆነም ቧንቧውን በሙሉ መለወጥ ነው። ሰው ሁሉ «ለወጥኩት፤ እምቢ አለኝ» እያለ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእጁ አይደለም።

መቀመጫው ደኅና ከሆነ አዲሷን ጎማ በአሮጌዋ ቦታ አስገቡ፤ ብሎን ካላት በልኩ አጥብቁ። ዘንጉን ወደ ቧንቧው ከመመለሳችሁ በፊት እጀታውን ወደ ግራ አዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ እንዲህ ካላደረጋችሁ አንገቱን ስታጠብቁ ጎማዋ ከመቀመጫው ጋር ትጨፈለቃለች። አንገቱን መጀመሪያ በእጅ አዙሩ፤ ጥርሱ ከጥርሱ ከተገናኘ በኋላ በመፍቻ ጥቂት ብቻ ጨምሩ። ሲከብዳችሁ አቁሙ።

ከዚያ ቧንቧውን ዘግታችሁ የቆጣሪውን መዝጊያ በዝግታ ክፈቱ። ቀጥሎም ቧንቧውን ክፈቱና ደፍራሹ ውኃ አልፎ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ተቀበሉት። በመጨረሻ በሁለት ጣት ብቻ ዝጉት። አዲስ ጎማ ያለው ቧንቧ በሁለት ጣት ይዘጋል፤ ልጆችንም እንዲህ እንዲዘጉ አስተምሯቸው።

ሌሎች ፍሳሾች

ቧንቧው ሲዘጋ የማያፈስ፣ ሲከፈት ግን ከእጀታው ሥር ውኃ የሚያወጣ እንደሆነ ጎማዋ ምንም አልሆነችም። በዘንጉ ዙሪያ ያለው መወተፊያ ነው የሳሳው። ከእጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ዳዶ በሩብ ዙር ወደ ቀኝ ጠበቅ አድርጓት፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ፣ ውኃውን ዘግታችሁ ዳዶዋን ፍቱና የጥጥ ክር በሰም አሽታችሁ በዘንጉ ዙሪያ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ መልሷት። ሰም በጎጃም አይጠፋም፤ ለውኃውም ጉዳት የለው።

ቧንቧው ከብረቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የሚያፈስ እንደሆነ ቧንቧውን ፈትቶ የብረቱን ጥርስ ማጽዳት፣ ቴፍሎን የሚባለውን ስስ ነጭ ጥቅልል ወይም ቀጭን ቃጫ ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሞ መልሶ ማሰር ነው። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታጠብቁት ተገፍቶ ይወጣል። እዚህም ላይ ብረቱን በሁለተኛ መፍቻ መያዝ አይረሳ።

በቅርብ ዓመታት በሩብ ዙር ብቻ የሚከፈት፣ እንደ ክንፍ ያለ እጀታ ያለው ቧንቧ በዝቷል። በውስጡ ይህች ጎማ የለችም። ማንጠባጠብ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ራሱን መለወጥ ይቀላል። ሲገዙ ርካሹን ከሚገዙ ክብደት ያለውን ነሐስ ቢገዙ ያዋጣል፤ በእጅ መዝኑት፤ ቀሊሉ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የቦኖ ውኃ የምትቀዱ እናቶች ደግሞ ቧንቧው የሁሉ ስለሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የቦኖውን ጠባቂ ወይም የውኃ ኮሚቴውን ጠብታው በጀመረ ቀን ንገሩ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እያየው ለወር ያህል የሚፈስ ቦኖ አይተናል። ቦኖው ተበላሽቶ ሲዘጋ ሴቶች ወደ ወንዝ፣ ጣና ዳር ያሉትም ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ፤ በጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ።

ከጥገናው በኋላ የቧንቧው ሥር እንዲደርቅ ጠጠር አልብሱት፤ የሚተርፈውም ውኃ ወደ ጎመን መደብ እንዲሄድ ትንሽ ቦይ ቅደዱለት። በጉንና ዶሮውን ከዚያ አርቁ።

ወደዚያ ግቢ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስን። ጨርቁ ጠፍቷል፤ ከቧንቧው ሥር ያለው መሬት ነጭ ሆኖ ደርቋል። የግቢው ታላቅ ሴት መፍቻውን ለማዶ ጎረቤት አውሰውት ነበር። አዲስ ጎማ ስንት ገዙ ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ሁለት» አሉን፤ «አንዷ ቧንቧው ውስጥ፣ አንዷ ሙዳዬ ውስጥ፤ ከመርፌዬ ጋር።» ልጅቱም ፊቷ ታጥቦ ከደጃፉ ተቀምጣ ነበር።